የማዳም ኦዴት ምንጣፍ

ሰኞ ጠዋት የሀረገወይን ስልክ ሲጮህ ናባዓ ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። የደወለው ሻምበል ፋዲ ነው፤ የፖሊስ መርማሪ። ይህ ሰው ሰላምታ የሚያስከፍል ይመስለዋል።

«ሐምራ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ሞተዋል። ሠራተኛቸው ያገርሽ ልጅ ናት። ነይና ተርጉሚልኝ።»

«እንዴት ነው የሞቱት?»

«የጠራሁሽ እንድትተረጉሚ ብቻ ነው፣ ሀረግ» ብሎ ዘጋው።

ሀረገወይን በተዘጋው ስልክ ላይ አፈጠጠች። ቤይሩት ከገባች ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዐሥራ አራቱን በሰው ቤት «ጥረጊ ብቻ» ተብላለች፤ ዘጠኙን ደግሞ በጣቢያና በፍርድ ቤት «ተርጉሚ ብቻ» እየተባለች አሳልፋለች። ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል አንጀቷን ታሳርራታለች። ዓይን እያላት አትይ፣ ልብ እያላት አታስቢ የተባለች ያህል ነው የሚሰማት። ቢሆንም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ያቺ ልጅ ያለ እሷ አፍ የላትም።

ልጅቷ እስከዳር ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማዳም ኦዴት ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። ፖሊስ ጣቢያ፣ የሻምበሉ ጠረጴዛ ጥግ እጇ ታስሮ ተቀምጣለች። እሁድ ለቅዳሴ የለበሰችውን ነጭ ቀሚስ አሁንም አልቀየረችም፤ እጅጌው ላይ ደም ደርቆበታል።

ሻምበል ፋዲ ጉዳዩን ማመልከቻ እንደሚያነብ ሰው አንበለበለው። ማዳም ኦዴት የሰባ ስምንት ዓመት መበለት ነበሩ። እሁድ ከቀትር በፊት ሳሎናቸው ውስጥ ጭንቅላታቸው የእምነ በረድ ጠረጴዛ ጠርዝ መትቶ ሞቱ። የመኝታ ቤታቸው መሳቢያዎች ተበርብረዋል። በሩ አልተሰበረም። አስከሬኑን ያገኘችው ሠራተኛዋ ናት፤ ስልክ የደወለችውም ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

«ሦስት ነገር አለኝ» አለ ጣቱን እየቆጠረ። «አንደኛ፣ ደሙን ጠርጋዋለች። ሁለተኛ፣ በፋሲካ ሰሞን በፓስፖርት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። መሳቢያውን የበረበረችው እሱን ስትፈልግ ነው። ሦስተኛ፣ ይኸው።»

ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ የተነሣውን የሳሎን ፎቶግራፍ ገፋ አደረገላት። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ቀይ የፋርስ ምንጣፍ ሸፍኖታል።

«እሁድ ስንገባ ምንጣፉ የለም፤ ባዶ ሰድር ነው። ደም የነካውን ምንጣፍ ደብቃዋለች። የት እንዳደረገችው ጠይቂልኝ። ነገ ፋይሏን ወደ ዐቃቤ ሕግ እልካለሁ።»

ሀረገወይን ወደ እስከዳር ዞረች። «የኔ እናት፣ አይዞሽ። የምትነግሪኝን ሁሉ ሳላጎድል እነግረዋለሁ። ደሙን ለምን ጠረግሽው?»

«ታዲያ እትዬ፣ በደም ውስጥ እንደተኛች ልተዋት?» የእስከዳር ድምፅ ተሰባበረ። «ፊቷን አጠብኳት። ዓይኗን ከደንኩላት። ነጠላዬን አለበስኳት። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሰው ነች እኮ!»

ሀረገወይን ይህንን ቃል በቃል ተረጎመችው። ሻምበሉ «ደም መጥረጓን አምናለች» ብሎ ጻፈ። ሀረገወይን ጽሑፉን ከተገላቢጦሽ አነበበችውና ከንፈሯን ነከሰች።

«ፓስፖርቱስ?»

«ኮንትራቴ በነሐሴ ያልቃል። እናቴ ታማለች፤ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። ፓስፖርቴን ስጪኝ ስላት ጠበቃው ጋ ነው አለችኝ። ጮኽኩ፣ እሷም ጮኸች፣ ኸላስ፣ አበቃ። ማታውኑ ታርቀን አብረን ፊልም አየን።»

«እሁድ የት ነበርሽ?»

«ቅዳሴ። ስድስት ሰዓት ወጣሁ። ለሰርቪስ ታክሲ የሚሆን ሳንቲም ስላልያዝኩ በእግሬ መጣሁ። ማንም አላየኝም፣ እትዬ። ማን ያየኛል?»

«ምንጣፉንስ የት አደረግሽው?»

«ሰጃዴውን?» አለች እስከዳር ግራ ተጋብታ። «ቅዳሜ አነሣነዋ። ጠዋት በረንዳ ላይ ገርፌ፣ በኮምጣጤ ውኃ ወልውዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት ማዳሜ የብል መድኃኒቱን፣ ናፍታሊኑን በተነች። እኔ ገመድ ፈልጌ ስመለስ ብቻዋን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤ በዚያ ወገቧ! ከዚያ በአንሶላ ሸፍኜ፣ አስሬ፣ ኮሪደሩ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ከታች ቆማ ‹በጥቅምት አብረን እናወርደዋለን› አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ምን ልበላት? በጥቅምት እኔ የለሁም።»

ሀረገወይን ለመተርጎም አፏን ከፈተች። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ዐሥራ አራት ግንቦቶች በጀርባዋ ላይ አለፉ። የቤይሩት ቤቶች ሙቀት ሲገባ ምንጣፋቸውን ያነሣሉ፣ ብርድ ሲመጣ መልሰው ያነጥፋሉ። ሸክሙን የምታውቀው ደግሞ የተሸከመችው ናት።

«ቤቱ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር አላሉኝም፣ ሻምበል?»

«ውል ከተፈረመ ሁለት ሳምንቱ ነው። ቁልፍ ሊያስረክቡ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ምን አለች?»

የተባለውን ሁሉ ነገረችው። ከዚያ ግን አላቆመችም። «እናትዎ ምንጣፍ የሚያነሡት መቼ ነው?»

«ተርጉሚ ብቻ ብዬሻለሁ።»

«ተርጉሜያለሁ። አሁን እየጠየቅኩ ነው። መቼ ነው የሚያነሡት?»

ሻምበሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «ግንቦት ላይ። እንደማንኛውም ሰው።»

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ቤት የሚለቁ ቢሆን ኖሮ፣ ናፍታሊን በትነው፣ በአንሶላ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ይሰቅሉት ነበር? ወይስ በሩ ሥር አስደግፈው የዕቃ መኪና ይጠብቁ ነበር?»

ሻምበል ፋዲ ብዕሩን አስቀመጠ። ሞኝ ሰው አይደለም። ሥራ የበዛበት፣ ደመወዙ ግን የቤንዚኑን እንኳ የማይሸፍንለት ሰው ነው።

«ልትሸጥ አልፈለገችም ነው የምትይኝ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ቤታቸውን ላለመልቀቅ ወስነው ነበር። እሁድ ሞቱ። ይህን ውሳኔ ማን ማን ሰምቷል? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነበር። ግን እኔ ተርጓሚ ነኝ።»

ሻምበሉ ነገሯ ገብቶታል። «የሽያጩ ሰዎች ሦስቱም፣ የወንድሟ ልጅ፣ ገዢውና ደላላዋ፣ ቃላቸውን ሊሰጡ ዛሬ ይመጣሉ። ጥግ ላይ ተቀመጪ፤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ሰዎቹ የሚያውቁት ቤቷ ውስጥ ሞታ መገኘቷን ብቻ ነው። አስከሬኑ ከተነሣ ጀምሮ ቤቱ ታሽጓል፤ አንዳቸውም አልገቡም።»

መጀመሪያ የገባው የማዳም ኦዴት ወንድም ልጅ ናዲም ነው። አክስቱን መጦሪያ ቤት አስገብቶ ውጭ አገር ወዳሉት ልጆቹ ሊሄድ አስቦ ነበር። የሽያጩን ነገር የጎተጎተውም እሱ ነው።

«ልጅቷ ስትደውልልኝ ወደ ሰሜን፣ ትሪፖሊ ከተማ ነበርኩ። ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ስደርስ አሽጋችሁት ነበር፤ ያየኋት ሆስፒታል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ቤቷ የገባሁት ውሉ የተፈረመ ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም።»

«ሽያጩን እንደተወች ታውቅ ነበር?»

ናዲም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዓርብ ደወለችልኝ። ‹ከዚህ ቤት አልወጣም፣ መጦሪያ ቤት ሴቶቹ እንደ ዕቃ ተደርድረው አየኋቸው› አለችኝ። ጮኽኩባት። ስድስት ወር ሙሉ ስለምናት ነበር እኮ! በመጨረሻ የሰማችኝ ቃል ስድብ ነው።»

ቀጥሎ ገዢው መጣ፤ ራጂ የሚባል የጥርስ ሐኪም። ሺያህ ሰፈር ያለውን ቤቱን ሸጦ ዕቃውን በካርቶን ካሰረ ሳምንት ሆኖታል። ሲገባ ጀምሮ ቆጣ ቆጣ ይላል።

«አዎ፣ ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ። ‹ሕጉ እንደሚለው ቀብድህን እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ፣ የእናቴን ወርቅ እሸጣለሁ፣ ቤቴን ተውልኝ› አለችኝ። እኔ ምኑን ነው የምተወው? ሚስቴ ድስት ፍለጋ ዐሥር ካርቶን ትፈታለች! እከስሻለሁ አልኳት። እሁድ ቀኑን ሙሉ ቤቴን የገዛው ሰው ቶሎ ልቀቅ እያለ ሲነዘንዘኝ ዋለ፤ ጠይቁት።»

«ቤቷ ሄደህ ነበር?»

«ከፊርማው ቀን በቀር በሯን አልረገጥኩም።»

መጨረሻ ላይ ደላላዋ ሙና ገባች። ሽቶዋ ቀድሟት ደርሶ ነበር። የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ የሐምራን ቤቶች በር በበር ታውቃለች። ከመቀመጧ በፊት ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች።

«ምስኪን ኦዴት! በደስታ ልትለቅ ነበር እኮ። ቅዳሜ ማታ ደውላ ‹ልጅቷ ዕቃ እያሸገችልኝ ነው› አለችኝ።»

«ውሉን ማፍረስ እንደምትፈልግ አልነገረችሽም?»

«በጭራሽ! ፓርዶን፣ ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ቀብዱ የት ነው?»

«በእጇ ነው የሰጠኋት፣ በፊርማው ቀን። ቤት ውስጥ ካላገኛችሁት ልጅቷን ጠይቁ።» ሙና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክፉ መናገሬ አይደለም፤ ግን ታውቃለህ።»

«አንቺስ ቤቷ የሄድሽው መቼ ነው?»

«የዚያኑ ቀን፣ ከሁሉም ጋር። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።»

ሙና እንደወጣች ሀረገወይን ከጥጓ ተነሣች። ጆሮዋ በንዴት ግሏል። «ልጅቷን ጠይቁ» ስትባል የሰማችው ስንት ጊዜ ነው? የጠፋው ቀለበት ሶፋው ሥር ሲገኝ ይቅርታ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

«ሻምበል፣ ማዳም ለወንድማቸው ልጅ ነገሩ፤ ለገዢው ነገሩ። ውሉን ያዋዋለቻቸውን ደላላ ዘለሏት? ቀብድ ሊመልሱ ያሰቡ ሰው መጀመሪያ የሚደውሉት ማን ጋ ይመስልዎታል?»

«ቀብዱን ሰጥቻታለሁ ትላለች። ተቃራኒ ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም። እርስዎ ግን የተደበቀ ምንጣፍ እየፈለጉ አልነበረም? ሄደን እናውርደው።»

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራት የለም፣ ሊፍቱም ቆሟል። ሻምበሉ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ተራገመ። ሀረገወይን ቀድማው ደርሳ በታሸገው በር ፊት ቆማ ጠበቀችው።

ሳሎኑ ውስጥ ባዶው ሰድር ያንፀባርቃል። እምነ በረዱ ጠረጴዛ በቦታው ቆሟል። እስከዳር እንዳለችው ኮሪደሩ ጣሪያ ሥር ባለችው ቆጥ ውስጥ በአንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል አለ። ሻምበሉ ከላይ ገፋው፣ እሷ ከታች ተቀበለችው፤ ወገቧ ድሮ የምታውቀውን ሕመም መልሶ አወቀው። ዳግመኛ የሰው ምንጣፍ አልሸከምም ብላ ከማለች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ገመዱን ፈትተው ሳሎኑ ላይ ዘረጉት። የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫቸውን ሰነጠቀው። ነጫጮቹ እንክብሎች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ደም የለም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ። መጨረሻው እጥፋት ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ቡናማ ፖስታ ተንሸራትቶ ወጣ።

«ገመድ ፈልጌ ስመለስ ብቻዋን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር» አለች ሀረገወይን ቀስ ብላ። «በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በዚያ ወገባቸው ለምን ብቻቸውን እንደታገሉ ገባዎት?»

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በሙና እጅ የተጻፈና የተፈረመ ደረሰኝ ነው፤ ሽያጩ በመዝገብ እስኪጸና ድረስ ቀብዱ በአደራ እሷ ዘንድ እንደሚቆይ ይናገራል። ሁለተኛውን ሀረገወይን ገልጣ አየችው። ዘግታ መልሳ ገለጠችው። በመጨረሻ ለሻምበሉ ሰጠችው።

«ደላላዋ ዋሽታለች» አለ ሻምበሉ ደረሰኙን እያገላበጠ። «ግን በገንዘብ መዋሸትና ሰው መግደል ይለያያል። እሁድ እዚህ መግባቷን በምን አሳያለሁ? ያያት የለም።»

ሀረገወይን ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆማ ሳሎኑን ቃኘች። አሁን ልክ እንደ ፎቶግራፉ ሆኗል። ናፍታሊኑን አንድ በአንድ ለቀመች፣ መስኮቱንም ከፈተች።

«እንዲህ እንዳለ ይተዉት። ነገ ሁሉንም እዚህ ይጥሯቸው፣ አንድ በአንድ ይግቡ። ምንም አይጠይቁ። እግራቸውን ብቻ ይዩ።»

ማክሰኞ ከሰዓት ሻምበል ፋዲ ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆሟል። እስከዳር ከአንድ ፖሊስ ጋር ግድግዳው ሥር ናት። የተነጠፈውን ምንጣፍ ስታይ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ሀረገወይን በዓይኗ ከለከለቻት።

ናዲም ገባ። ምንጣፉን በመሐሉ አቋርጦ ሄደ፣ የመኪናውን ቁልፍ እምነ በረዱ ላይ ወረወረና ሶፋው ላይ ዘጭ አለ። ሐኪም ራጂ ተከተለው። መሐል ላይ ቆሞ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ እንደገና ጣሪያውን አየ፤ ቤቱ አሁንም ዓይኑ ውስጥ ነው። ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ተደገፈ።

ሙና ደፉ ላይ ደረሰች። አንድ እግሯን አነሣችና መለሰችው። ዓይኗ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ከጠረጴዛው ርቃ፣ ሳሎኑን ዞራ በረንዳው አጠገብ ካለው ወንበር ደረሰች። ቁጭ ካለች በኋላም አላስቻላትም።

«ምንጣፉን ማን አነጠፈው?»

 ሻምበሉ ሀረገወይንን አያትና ራሱን ነቀነቀላት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተናገሪ ያላት ያን ቀን ነው።

«ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ማዳም ሙና» አለች ሀረገወይን። «ናዲም አልጠየቀም። ሐኪሙም አልጠየቀም። ሦስታችሁም ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ቤት የገባችሁት ውሉ የተፈረመ ቀን ነው ብላችኋል። ያን ቀን ምንጣፉ እዚሁ ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣሽውም አንቺ ነሽ። ታዲያ በቦታው ያለ ምንጣፍ ምን ያስገርምሻል?»

ሙና ትንሽ ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ግንቦት ነው እኮ! ሁሉም ሰው ያነሣል።»

«እውነት ነው፤ በቤቱ የሚከርም ሰው ያነሣል። አንቺ ግን ማዳም ኦዴት በደስታ ሊለቁ ዕቃ እያሳሸጉ ነበር ብለሻል። በሦስት ሳምንት ለሚለቁት ቤት ማን ምንጣፍ ይሰቅላል? የራስሽን ቃል ብታምኚው ኖሮ ምንጣፉን ወለል ላይ ማየት አያስደንግጥሽም ነበር።»

«ይቺ ማን ናት?» አለች ሙና ወደ ሻምበሉ ዞራ። «ሠራተኛ ናት የምትጠይቀኝ?»

«መልሺላት» አለ ሻምበሉ።

ሀረገወይን ድምፅዋን አላነሣችም። «ምንጣፉ የተነሣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ማዳም ሞተዋል፣ ሌላዋ እዚያ ቆማለች። እሁድ ከሰዓት ፖሊስ ገባ፣ ቤቱ ታሸገ። ይህ ወለል ባዶ ሆኖ የታየው በዚያች አንድ ቀን ብቻ ነው። ባዶነቱን የምታውቂ ከሆነ በዚያች ቀን እዚህ ነበርሽ።»

ናዲም ቀስ ብሎ ከሶፋው ተነሣ።

«ሌላም አለ» ቀጠለች። «ማዳም የት እንደወደቁ ማንም አልነገራችሁም። ናዲም ቁልፉን እዚያ ጠርዝ ላይ ጣለው። ሐኪሙ ተደግፎታል።» ራጂ እንደተቃጠለ ሰው እጁን አነሣ። «አንቺ ግን ይህን ሁሉ ሳሎን ዞረሽ ያን ጠርዝ ሸሸሽው። እሁድን የመረጥሽው ልጅቷ ቅዳሴ እንደምትሄድ ስለምታውቂ ነው። ማዳም በራቸውን ራሳቸው ከፈቱልሽ፤ ቀብዱን ይዘሽ እንድትመጪ ጠርተውሽ ነበርና። አንቺ ግን ባዶ እጅሽን መጣሽ።»

«ሰጥቻታለሁ አልኩ እኮ!»

ሻምበል ፋዲ ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «መሳቢያዎቹን የበረበርሽው ይህን ስትፈልጊ ነው። ምንጣፉ ውስጥ ነበር፤ ከራስሽ በላይ።»

ሙና ደረሰኙን ሳይሆን ወለሉን ነው ያየችው። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

«ቀብዱን ሌላ ቤት ላይ አስገብቼው ነበር። ወር ብቻ ታገሺኝ አልኳት። ‹ሰኞ ጠበቃዬን እጠራለሁ› አለች። ቦርሳዬን ያዘች፣ እኔ ሳብኩ... ወለሉ ባዶ ነበር፣ ያዳልጣል። ምንጣፉ ቢኖር አትሞትም ነበር።»

«ሐኪም ብትጠሪላትም ላትሞት ትችል ነበር» አለ ናዲም። 

ሙናን ይዘው ወጡ። ራጂ ቤቱን ሳያይ ደረጃውን ወረደ፤ ሺያህ የሚጠብቁት ካርቶኖች አሉት። ሻምበል ፋዲ የእስከዳርን እጅ ራሱ ፈታና ከፖስታው የቀረውን ነገር አቀበላት።

ፓስፖርቷ ነበር።

እስከዳር ተቀበለችው፣ ገለጠችው፣ ፎቶግራፏን አየች። «ይሄ የት ነበር?»

«ምንጣፉ ውስጥ» አለች ሀረገወይን። ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። «ማዳም ቅዳሜ ነው የከተቱት።»

«በነሐሴ እንደምሄድ ታውቅ ነበር» አለች እስከዳር። «‹በጥቅምት አብረን እናወርደዋለን› ስትለኝ እዚያ ውስጥ ጠቅልላው ነበር? እኔ ደግሞ እሺ ስላት ዋሸኋት ብዬ ሁለት ሌሊት ሙሉ እስር ቤት ሳለቅስላት አደርኩ!» ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ። «ፊቷን ያጠብኩት በእነዚህ እጆቼ ነው፣ እትዬ። አሁንም ታሳዝነኛለች። እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ሀረገወይን ትከሻዋን አቅፋ ወደ በሩ መራቻት፤ ዛሬ የምታድረው ናባዓ ነው፣ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ይፈለጋል።

ናዲም ሳሎኑ መሐል ብቻውን ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። በረንዳው፣ መስኮቱ፣ የአክስቱ ወንበር፣ ምንጣፉ። ሁለቱ ሴቶች ደፍ ላይ ሲደርሱ፣ ክፋት ሳያስብ፣ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው ተጣራ።

«እስከዳር፣ ከመሄድሽ በፊት ምንጣፉን አንሺውና ስቀይው።»

እስከዳር ዞረች። ከአምስት ዓመት ወዲህ ይህ ትእዛዝ በአረብኛ ሲደርሳት መልሷ ምንጊዜም «ሐዲር፣ እሺ» ነበር። አሁን ፓስፖርቷን ደረቷ ላይ ይዛ በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነገር።

«ምን አለች?» አለ ናዲም።

ሻምበል ፋዲ ከደረጃው ላይ ዞሮ ሀረገወይንን አያት። እሷም ቀና ብላ ቆመች።

«‹ራስህ ስቀለው› ትላለች» አለች ጥርት ባለ አረብኛ። «እኔ ተርጓሚ ነኝ። የተባለውን ብቻ ነው የምናገረው።»